የነቃ ብረት

ስለ ግጥምና ስለ ልቦለድ ስንጨዋወት ለኖርን ሰዎች የአሮጌ ፒክአፕ ጢስ ማውጫ ምን ጉዳያችን ነው? የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ቀን ቀን በባንክ መስኮት በስተኋላ የሰው ገንዘብ እየቆጠርሁ፣ ማታ ማታ ስንኝ እየቋጠርሁ የምኖር እንጂ ከብረትና ከቅባት ጋር ትውውቅ ያለኝ ሰው አልነበርሁም። ነገር ግን አጎቴ አንድ ብረት እንድመርጥለት አደራ ጣለብኝ። ያን ብረት ስፈልግ የከረምሁባቸው ወራት ስለ ጽናት ካነበብኋቸው መጻሕፍት ይልቅ ብዙ ነገር አስተማሩኝ። እናም አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

ብረቱ ይህ ነው። በሞተር ውስጥ የተቃጠለው ጢስ ከየሲሊንደሩ በየራሱ ቀዳዳ ይወጣል። ከቴስታታው ጎን በቡሎን የሚታሰር፣ እንደ እጅ ጣቶች ተከፋፍሎ እነዚያን ቀዳዳዎች የሚይዝ፣ ከዚያም ጣቶቹን በአንድ መዳፍ ሰብስቦ ጢሱን ወደ ማርሚታው የሚያወርድ አካል አለ፤ መካኒኮች ማኒፎልድ ይሉታል። ፋብሪካው ለእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ ሞተር የሚሠራው ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት ነው። በምትክነት ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታጠፉ ቱቦዎች ተበይዶ የሚሠራው ሄደር የሚባለው ነው። ቋንቋ ለሚወድ ሰው ጋራዥ ደስ የሚል ቤተ መዘክር ነው፦ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ዳዶ... ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. መጥቶ በ1933 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በሊማሊሞ ገደል ላይ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ሠራ። ሰውየው ሄደ፤ መንገዱና ቃላቱ ግን ቀሩ። ማኒፎልድና ሄደር ዘግይተው በእንግሊዝኛ በኩል የመጡ እንግዶች ናቸው።

አጎቴ የሚኖረው በጃን አሞራ፣ በመካነ ብርሃን ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ሳንቃ በርንና ጨነቅን አልፎ፣ በቧሂት ተራራ አጠገብ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን በር ተሻግሮ ይወርዳል። ደባርቅ ራሷ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። አጎቴ በዚህ መንገድ የሚያመላልሰው መኪና ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ 3ኤል የሚባለው 2,779 ሲሲ ሞተር ያለው፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆመ። ገብስ ጭኖ ወደ ደባርቅ ይሄዳል፤ ጨውና ዘይት ጭኖ ይመለሳል። ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ሆስፒታል ያደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም፣ አያድርስ፣ አስከሬን ይመልሳል።

ባለፈው ክረምት በጋቢና የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ራሳቸውን እያመማቸው፣ እያጥወለወላቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላቸው መውረድ ጀመሩ። ማንም አልደነገጠም። "ቧሂት ነው" ይባል ነበር፤ "ተራራው ነው፣ አየሩ ስስ ነው።" አባባሉ መሠረት አለው። በዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ስልሳ በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ላልለመደው ሰው ራስ ምታቱ አይቀሬ ነው። ነገሩን የጠረጠረችው አክስቴ ናት። "በእግሬ ስሻገረው ኖሬ አንድ ቀን አላመመኝም፤ በመኪና ስሻገረው ለምን ያመኛል?" አለች። ከዚህ የበለጠ ምርመራ ሐኪምም አያደርግ።

ለካ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው የሚሰማውና ተራራ የከበደው ሰው የሚሰማው አንድ ዓይነት ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን መቀመጫ ይነጥቃል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ መጠን ቢያወጣም፣ አየር ባጠረበት ከፍታ ነዳጁ በወጉ ሳይቃጠል ሲቀር መጠኑ ይጨምራል። ቀድሞውንም ኦክስጅን ባነሰው ደም ላይ ደግሞ ትንሹ እንደ ብዙ ነው። ነፍሰ ጡር ስትሆን ጉዳቱ ለሁለት ይሆናል።

አጎቴ መኪናውን እኔ ወደምሠራበት ወደ ጎንደር ይዞት መጣ። መካኒኩ ሞተሩን በቀዝቃዛነቱ አስነሥቶ ጆሮውን አቀና፤ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ሰማ። ከዚያ በሦስተኛው ሲሊንደር አፍ ዙሪያ የተጋገረውን ጥላሸት በጣቱ ጠርጎ አሳየን። ጢሱ በዚያ ስንጥቅ እየወጣ፣ ሽቦና የመሪ ዘንግ በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ወደ ጋቢናው ይገባ ኖሯል።

"ጋሼ፣ ይኼ ብረት ነቅቷል" አለው።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ነበር እንዴ?" አለ አጎቴ።

ሁላችንም ሳቅን። በእኛ አገር ሸክላም ግድግዳም ሲሰነጠቅ ነቃ ይባላል፤ ከእንቅልፍ የተነሣም ነቃ ይባላል። ያን ዕለት ማታ እነዚህን ሁለት ስንኞች በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኋቸው፦

ጢስ ሞልቶት ጋቢናው፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣
ብረቱ ብቻ ነው፣ የዘለቀው ነቅቶ።

አሮጌውን ሽጦ አዲስ መግዛት አይሻልም ወይ? የሚል ይኖራል። በሒሳብ መዝገብ ቢሰፍር ኖሮ የዚህ መኪና ዋጋ በእርጅና ቅናሽ ተሟጦ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ግን መዝገብ ሌላ፣ ገበያ ሌላ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስመጣት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። ይህን ለውጥ በመስኮቴ በኩል ቀን በቀን ስለታዘብሁት አውቀዋለሁ። እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው የሚቀረው ብልሃት ማኖር ነው፤ ለማኖር ደግሞ ምትክ ዕቃውን እንደ ትዳር ጓደኛ አስቦ መምረጥ ነው።

በፊታችን ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው የነቃውን ብረት አስበይዶ መመለስ፤ ሁለተኛው የሚያብለጨልጭ አዲስ ሄደር ማስመጣት፤ ሦስተኛው ከሌላ መኪና የወጣ የፋብሪካውን ማኒፎልድ ፈልጎ ማግኘት። መኪናውን የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ልቡ በሁለተኛው ላይ ነበር። በስልኩ ላይ ፎቶውን እያሳየ፣ "ይኼ ቢገባለት ቧሂትን በሦስተኛ ማርሽ ነው የሚወጣት" ይለን ነበር። አጎቴ እንግሊዝኛ አንብቤ፣ ቁጥር ደምሬ እውነቱን እንድነግረው እኔን ዳኛ አደረገኝ።

ከሁሉ በፊት የተማርሁት ብረት በሙቀት መለጠጡን ነው። እርግጥ ይህን በትምህርት ቤት ሰምተነዋል፤ ግን መጠኑን አስልተን አናውቅም። አርባ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር፣ ቀልጦ የፈሰሰው ዓይነት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ተራው የብረት ቱቦ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይጠጋል። 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። የታሰረበት ቴስታታ በዚያው ልክ አይግልም፤ ስለዚህ አብሮት አይረዝምም። ብረቱ መሄጃ ሲያጣ ራሱን ያጎብጣል፣ ቡሎኑን ይበጥሳል፣ ወይም ይነቃል። አቀበቱን ሲወጣ ይግላል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ በረዶና ጅረት ሲመታው፣ ይቀዘቅዛል። እያንዳንዱ ጉዞ አንድ መለጠጥና አንድ መኮማተር ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ የተመላለሰን ብረት ነቃህ ብሎ የሚወቅሰው ማን ነው?

ከዚህ በኋላ "ጠንካራ" የሚለውን ቃል መጠራጠር ጀመርሁ። ወፍራሙና ጥብቅ ብሎ የታሰረው ይጸናል ብዬ አስብ ነበር። የሚጸናው ግን ለመለጠጡ ቦታ፣ ለክብደቱም መደገፊያ የተሰጠው ነው። ከፋብሪካው በሚወጡ ማኒፎልዶች ላይ ዳር ዳር ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ሰፋ ወይም ሞላላ ብለው የሚሠሩት ለዚህ ነው። የመሐሉ ይይዛል፤ የዳሩ ፈቅ ማለት ይፈቀድለታል። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ሲያይ በስሕተት የተበሳ መስሎት በጥብቅ ቀለበት ይዘጋዋል። ከዚያ ብረቱ ይነቃል።

አዲስ ሄደር ለመግዛት ለተገደደ ሰው ደግሞ ያገኘሁትን ላካፍል። ትንሽ ማግኔት በኪስ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። 304 ክሮሚየም 18 በመቶ፣ ኒኬል 8 በመቶ ገደማ ያለበት ሲሆን ማግኔት አይይዘውም፤ አይዝግም፣ ያብለጨልጫል፣ ግን እንዳልሁት ብዙ ይለጠጣል። 321 የሚባለው ወንድሙ ቲታኒየም ስለተጨመረበት በብየዳው አካባቢ ሙቀትን የተሻለ ይችላል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። 409 የሚባለው ክሮሚየሙ 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ማግኔት ይይዘዋል፣ ፊቱ ቡናማ ዝገት ያለብሳል፣ መልከ ጥፉ ነው። ይሁን እንጂ መለጠጡ ከተራው ብረት ብዙም ስለማይርቅ መኪና ሠሪዎች ለጢስ ማውጫ ሲመርጡት ኖረዋል። "መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ" እንደሚባለው፣ ስሙን አውቆ ለሚጠይቅ ሰው ደኅና ዕቃ ነው። ማግኔት የያዘው ሁሉ ግን 409 አይደለም። ተራ ብረት በኒኬል ተቀብቶ ሊያብለጨልጭ ይችላልና ጽሑፉንና ሻጩን መጠየቅ ግድ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ከቴስታታው ጋር የሚገጥመው ሰሌዳ ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነው በሙቀት ይጣመማል፤ አሥር ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ይሻላል። የቱቦው ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን ከሆነ ለሩጫ ውድድር እንጂ ለጃን አሞራ ድንጋይ አይሆንም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ብየዳው ዙሪያውን የተዘጋ፣ ከውስጥ እንደ ጉብታ ያልወጣ መሆን አለበት። ከሄደሩ ቀጥሎ የሚመጣው ቱቦ በሞተሩ ወይም በካምቢዮው አካል ላይ መደገፊያ ከሌለው፣ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ሄደሩ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቱቦው በሌላ ምት ይወዛወዛል፤ በመካከሉ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ማያያዣ ቢገባ ይህን ግፊያ ይውጠዋል። በሙቀት መከላከያ ጨርቅ መጠቅለል ደግሞ ለኛ ዝናብ አይበጅም፤ እርጥበት አምቆ ይዞ ብረቱን ያስበላዋል።

ጉልበት ይጨምራል የተባለውስ? እውነቱን ለመናገር፣ ቱርቦ ለሌለው የናፍጣ ሞተር ሄደር የሚጨምረው ጉልበት ትንሽ ነው። በቧሂት ላይ ደግሞ የጎደለው መውጫ ሳይሆን መግቢያ ነው። ሞተሩ የሚያጣው አየር በማርሚታው ሳይሆን በሰማዩ ላይ ነው። አየሩ ስልሳ በመቶ በሆነበት ቦታ ፖምፓው በዝቅተኛ አገር ልክ ነዳጅ ሲሰጥ ትርፉ ጥቁር ጢስና የበረታ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ተመልሶ ማኒፎልዱን ይበላል። ስለዚህ ለመኪናው የሚሻለው ፖምፓውን ለከፍታው ማስተካከል፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳትና በትንሽ ማርሽ በትዕግሥት መውጣት ነው። ቀጭን ቱቦ ደግሞ ድምፅ ያጎላል። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ፓርክ ውስጥ፣ ጭላዳ በመንጋ ሣር በሚግጥበት መንገድ፣ ይህም እንደ ወጪ መቆጠር አለበት። ለአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ መልስ ግን አላጣም። "አንተ ባንክ ቤት ሆነህ ሁሉን ነገር ወጪ ታደርገዋለህ" አለኝ።

ብየዳውስ? ቀልጦ የፈሰሰ ብረት መበየድ ይቻላል፤ ነገር ግን ጠባዩ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ችኮላ አይወድም። አስቀድሞ በሙሉ መጋል፣ ኒኬል ባለበት ዘንግ መበየድ፣ ከዚያም በአመድ ወይም በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። በጥድፊያ የተበየደ እንደሆነ ከብየዳው አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ይወለዳል። የኛው ብረት ደግሞ ከአንድ ቦታ በላይ ነቅቶ፣ ፊቱም ጎብጦ ነበርና ተውነው።

እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው መንገድ ነው። ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ አቀናሁ። የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሰው ሶማሌ ተራን ሳይረግጥ አይቀርም። የተፈታታ ሞተር፣ የተቆለለ ካምቢዮ፣ በር፣ መስተዋት... በየሱቁ ደጃፍ ተሰጥቷል። ለ3ኤል ሞተር የሚሆኑ አራት ማኒፎልዶች ወጡልኝ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ጥላሸት የጠጡ፣ በዓይን የማይለዩ ናቸው። በስልክ መካኒኩን ጠየቅሁት።

"በሽቦ አንጠልጥለህ በትንሽ መዶሻ ምታው" አለኝ። "ደኅናው ይጮኻል፤ የነቃው ያፍናል።"

ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። ገበያ ወጥታ እንስራ ስትገዛ በጣቶቿ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ "ይህኛው ነቅቷል" ብላ ታስቀምጠው ነበር። እኔም እንደ እሷ አደረግሁ። የመጀመሪያው እንደ እርጥብ ግንድ ደፍ አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ጀምሮ ተቆረጠ። አራተኛው ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ባይሆንም ጥርት ያለ፣ ጥቂት የሚዘገይ ድምፅ አወጣ። ባለ ሱቁ ፈገግ አለና ዋጋውን በዚያው አፍታ ከፍ አደረገው። የምሰማውን ማወቄን አውቋልና አልፈረድሁበትም።

ብረቱን በጆንያ ጠቅልዬ ይዤ ስመለስ፣ ስለ ቅኔ የምንናገርበት ሰምና ወርቅ የሚለው ቃል ራሱ ከአንጥረኛ ቤት መምጣቱን አሰብሁ። በሰም ቅርጽ ይወጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ማኒፎልድ የሚፈስሰው በአሸዋ ቅርጽ ቢሆንም ጭንቀቱ ተመሳሳይ ነው፦ ሠሪው ውስጡን አያየውም። አጎቴ ከሚኖርበት ከጃን አሞራ ሳንወጣ፣ በደረስጌ ማርያም፣ በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖልን በነሐስ ሲያስፈስሱ ይህ ጭንቀት ሳይገባቸው አልቀረም። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ ደግሞ ገደል እያስደረመሱ መንገድ ማሠራት ነበረባቸው። ከባድ ብረት ማግኘት ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሚሸከመውን ማዘጋጀት ነው።

የኛም ሌላው ግማሽ በጎንደር ተሠራ። የማኒፎልዱ ፊት በማሽን ተልጎ እንዲስተካከል ተደረገ፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲጋደምበት ብርሃን የማያሳልፍ ሆነ። ጓርኒሲዮኑ አዲስ፣ ቡሎኖቹና ዳዶዎቹ አዲስ ሆኑ። ጠፍቶ የነበረው የቱቦው መደገፊያ ከላሜራ ተቆርጦ ተሠራ። የዳር ቀዳዳዎቹ እንደ ሰፉ ተተዉ። መካኒኩ ዳዶዎቹን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በየተራ፣ በሁለት ዙር አጠበቃቸው። በጋቢናው ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም በጎማ ተደፈኑ። በመጨረሻ አጎቴን፣ "ጋሼ፣ ደባርቅ ደርሰው ሲመለሱ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠበቃል፤ ከወር በኋላም አንድ ጊዜ" አለው።

"ካጠበቅኸው በኋላ ለምን ይላላል?" አለ አጎቴ።

"ብረቱ ቦታውን እስኪያገኝ ነው።"

አጎቴ ይህን መልስ ወደደው። ሰው አዲስ አገር ሲገባም እንደዚያ ነው ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ።

ሄደር የተመኘው የአጎቴ ልጅ ዛሬም ቧሂትን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣት። ያኮረፈው ኩርፊያ ግን አልቆየም፤ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ሰዓት በዚያ ጋቢና የሚቀመጠው እርሱ ነበርና፣ ማታ ማታ ይይዘው የነበረው ራስ ምታት ለቆታል። አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ደባርቅ ተሳፍራ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሳታንቀላፋ፣ ገደሉን እያየች፣ ሾፌሩን እየገሠጸች ሄደች አሉ። ጨነቅን አልፈው ወደ ሳንቃ በር ሲቃረቡ ዞር ብላ፣ "ዛሬ ቧሂት የት ሄደ? ሳናየው አለፍን እንዴ?" አለች።

ቸር ይግጠመን።